ለባሕር ዳር መንገድና ነፋስ ስንት ሚሊ ካርቦን ቸርኬ ይሻላል?

ፎገራ_ሜዳ፦

ሰላም የሳይክል ወዳጆች። አጎቴ ለጥምቀት ከአሜሪካ ይመጣል። ምን ላምጣልሽ ሲለኝ ሳላመነታ ካርቦን ቸርኬ አልኩት። እሱም ወዲያው "ስንት ሚሊ?" አለኝ፣ የቸርኬውን የጎን ጥልቀት ማለቱ ነው። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ መልስ እሰጠዋለሁ ብያለሁ። አንዴ ከታዘዘና እዚህ ከደረሰ መመለስ የለም፣ ስለዚህ ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

ሳይክሌ ኮርስ፣ የውድድር ዓይነቱ ነው። ፍሬሙ አልሙኒየም፣ ማርሹ ሺማኖ 105፣ ከኋላ ባለ 11 ነው። ፍሬኑ ዲስክ አይደለም፣ ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚነክሰው ዓይነት ነው። ቸርኬዎቹ አብረውት የመጡት አልሙኒየም ናቸው፤ ጠንካራ ናቸው ግን ይከብዳሉ። ክብደቴ 54 ኪሎ ነው።

በሥራ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወጥቼ በመሸንቲ በኩል ወደ መራዊ አቅጣጫ እነዳለሁ። ቅዳሜ መንገዱ ሰላም ከሆነ ከጓደኞቼ ጋር አባይን ተሻግረን ሐሙሲት፣ ጉልበቱ ካለን ደግሞ እስከ ወረታ። አንዳንዴ ደብረ ታቦርን እንወጣለን። ውድድር ሲኖርም እገባለሁ።

አጎቴ ያገኘው ሻጭ 38፣ 50 እና 60 ሚሊ አለው። ዋጋቸው ብዙ አይራራቅም። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ 60ው ላይ ነው። አንድ ጊዜ የጓደኛዬን ነድቼው ሜዳ ላይ ያ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ግን የሐይቁን ነፋስ እፈራለሁ። ጉድጓዱንም እፈራለሁ። ከተሰበረ ደግሞ እዚህ ማን ይጠግነዋል? እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ባለ60፦

ግዢው! እኔ 60 ነው የምነዳው፣ እኔ ግን 78 ኪሎ ነኝ። ከሐሙሲት አልፈሽ ሜዳው ላይ በሰዓት 38 እና 40 ኪሎ ሜትር ስትገቢ ሳይክሉ ራሱ የሚጎትትሽ ነው የሚመስልሽ። ፍጥነቱን አንዴ ከያዝሽው ለመጠበቅ ብዙም አትደክሚም። ጠዋት ከሆነ ነፋሱ ችግር የለውም። ከሰዓት በኋላ ግን ልዋሽሽ አልችልም፣ መሪውን ጠበቅ አድርጌ ነው የምይዘው። ደብረ ታቦር ስሄድ ደግሞ አልሙኒየሙን ነው የማስገባው።

ቸርኬ_አቅኚ፦

እህቴ፣ እኔ የምሠራው ሽምብጥ ነው። ሳይክል ስጠግን ነው ፀጉሬ የሸበተው። በባሕር ዳር ሳይክል የሌለው ቤት አይታወቅም፣ ግን ካርቦን ቸርኬ ይዞ የሚመጣልኝ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው። ስለዚህ የማየውን ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ነፋሱ። ከተማችን የሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ ናት። ጠዋት ጣና ዝም ይላል። ፀሐይ ስትበረታ የብሱ ቶሎ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ በሱ ቦታ ቀዝቀዝ ያለው የሐይቁ አየር ይገባል። ለዚህ ነው ከሰዓት በኋላ ውሃው የሚነሳው፣ ባለታንኳዎቹም በጠዋት መቅዘፍ የሚወዱት። አሁን ያንቺን መንገዶች እዪ። ወደ መራዊ ስትሄጂ ሐይቁ ከጀርባሽ ነው። ከሰዓት ከነዳሽ ሲሄዱ ይገፋሻል፣ ሲመለሱ ፊት ለፊት ይመታሻል። ይሄ ያደክማል እንጂ አይጥልም። ጥልቅ ቸርኬም ፊት ለፊት ነፋስ ላይ አይጎዳሽም፣ እንዲያውም ይጠቅምሻል።

የወረታ መንገድ ግን ሌላ ነው። በሐይቁ ምሥራቅ በኩል ስለሚያልፍ ስትሄጂ ጣና በግራሽ ነው፣ ነፋሱም ከጎን ይመጣል። ጉማራን ተሻግረሽ የፎገራ ሜዳ ላይ ስትወጪ የሩዝ ማሳ ነው፣ የሚከልል ነገር የለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። ሳያቋርጥ የሚነፍስ ነፋስ አያስቸግርም፤ ገላሽ ትንሽ ያዘነብላል፣ ትለምጂዋለሽ። የሚያስቸግረው በድንገት የሚቋረጥና በድንገት የሚመለሰው ነው። የባሕር ዛፉ ረድፍ ያልቅና ክፍቱ ላይ ስትወጪ አንዴ ይመታሻል። አይሱዙ በግራሽ ሲቀድምሽ ነፋሱን ለአፍታ ይከልልሻል፣ መሪሽ ወደ መኪናው ይሳባል፣ ጭራው ሲያልፍ ደግሞ ወደ ውጭ ይገፋሻል። ውጭው ላይ ደግሞ አህያ ያስከተለ ገበሬ አለ፣ ልጆች አሉ።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው በአብዛኛው የፊቱ ቸርኬ ነው። የፊቱ ከመሪው ጋር ስለሚዞር ነፋሱ ቸርኬውን ሲገፋ እጅሽን ነው የሚያዞረው። የኋላው ፍሬሙ ላይ ታስሯል፣ መሪ አይነካም። ባለ60 ወንድማችን 78 ኪሎ ነው፣ አንቺ 54 ነሽ። ያው ነፋስ አንቺን የበለጠ ያንገዋልልሻል። ስለዚህ የኔ ምክር ከፊት 38፣ ከኋላ 50 ነው። ብዙ ሻጮች ሲጠየቁ አደባልቀው ይሰጣሉ፣ አጎትሽ ይጠይቅ። ካልሰጡ ሁለቱንም 38 ያድርግ። 60ውን ለፊት አልመክርሽም፣ በፍጹም።

ሁለተኛው ፍሬኑ ነው። ከነፋሱም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ደብረ ታቦር ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ ነው፣ ወረታ 1,800 ገደማ። ስትመለሺ ያንን ሁሉ ቁልቁለት የምትይዢው በፍሬን ነው፣ የፍሬኑ ሙቀት ደግሞ በሙሉ ቸርኬው ላይ ያርፋል። አልሙኒየም ሙቀቱን ቶሎ ያሰራጨዋል፣ ወደ አየሩ ይለቀዋል። ካርቦን ግን የተጋገረ ጨርቅና ሙጫ ነው። ሙቀቱን ባለበት ይዞ ያቆየዋል። ከልክ ሲያልፍ ሙጫው ይለሰልሳል፣ ጎማው በውስጥ እየገፋ የቸርኬውን ከንፈር ያሳብጠዋል። የውስጥ ጎማውም ሊፈነዳ ይችላል። አንድ ልጅ እንዲህ ያበጠ ቸርኬ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ጣቴን ከንፈሩ ላይ ሳስኬደው እብጠቱ በግልጽ ይታወቀኝ ነበር፤ ፍሬኑን ስይዘውም በየዙሩ ነከስ ለቀቅ ያደርግ ነበር። ያ ቸርኬ አይጠገንም። ልጁ በሕይወት ስለወረደ ብቻ ደስ አለኝ።

ስለዚህ ደብረ ታቦር ስትወጪ እንደ ባለ60 አልሙኒየሙን አስገቢ። አሮጌውን ቸርኬ እንዳትሸጪው! የክረምትም ቸርኬሽ እሱ ነው፤ ካርቦን ዝናብ ሲነካው ፍሬኑ ወዲያው አይነክስም። ግድ ሆኖ በካርቦኑ ከወረድሽ ፍሬኑን ይዘሽ አትጎተቺ። ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ልቀቂው ይቀዝቅዝ፣ እንደገና ያዢ። የፊቱንም የኋላውንም።

የፍሬን ጎማውም ለካርቦን የተሠራ መሆን አለበት፣ ከቸርኬው ጋር አብሮ ይምጣ፣ መለዋወጫም ይኑረው። አልሙኒየም ላይ የሠራ የፍሬን ጎማ ደቃቅ የብረት ፍቅፋቂ ይዞ ይቀራል፣ ካርቦኑን እንደ ወስፌ ይቧጭረዋል። ቸርኬ በቀየርሽ ቁጥር የፍሬን ጎማውንም ቀይሪ። ሥራው የደቂቃዎች ነው።

ጉድጓዱን በተመለከተ፣ አልሙኒየም ሲመታ ይጎብጣል፣ እኛም ጥቂት እናቃናዋለን። ካርቦን ወይ ደህና ነው ወይ ተሰንጥቋል። ጉድጓድ ከመታሽ ወርደሽ ጎማውን አዙሪና የቸርኬውን ዙሪያ በሳንቲም ቀስ እያልሽ አንኳኪ። ደህናው ቦታ ጠንከር ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የታፈነ ድምፅ የሰማሽበት ቦታ ላይ ንብርብሩ ተላቅቋል ማለት ነውና በሱ አትንጂ፣ ባጃጅ ይዘሽ ተመለሺ።

ቀጭን_አየር፦

ቸርኬ አቅኚ ስለ ነፋሱና ስለ ፍሬኑ የተናገሩትን ሁሉ እደግፋለሁ። እኔ ቁጥሩን ልጨምር፣ መካኒካል ነው የተማርኩት። ሻጮቹ "ይህን ያህል ዋት ይቆጥባል" የሚሉትን ስታነቢ በምን ፍጥነት እንደለኩት እዪ። አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ነው። አየርን ለመቅደድ የሚያስፈልገው ጉልበት በፍጥነቱ ኩብ ነው የሚያድገው። በ45 ላይ 10 ዋት የሚቆጥብ ቸርኬ በ30 ላይ 3 ዋት ገደማ ብቻ ነው የሚቆጥበው።

ሌላው፣ እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ላይ ነው። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ወለል አየር በ16 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ስለዚህ 3 የተባለው 2 ተኩል ይሆናል። አየሩ ስለሳሳ የጎን ነፋሱም ግፊት በዚያው ልክ ይቀንስልሻል፣ ይሄ ጥቅም ነው፣ ግን የቸርኬ አቅኚን ምክር የሚሽር አይደለም። ከሚገጥምሽ የአየር ግፊት ሦስት አራተኛ ገደማው ደግሞ የራስሽ ሰውነት ነው። ክንድሽን አጥፈሽ ዝቅ ብለሽ መንዳት ከ38 ወደ 60 ከመሄድ የበለጠ ይሰጥሻል።

ገንዘብ የሚተርፍ ከሆነ ጥሩ ጎማ ላይ አውጪው። ደረቅ ርካሽ ጎማና ጥሩ የውድድር ጎማ መካከል ያለው ልዩነት ለጥንዱ ከ10 ዋት ሊበልጥ ይችላል፣ እሱን ደግሞ በ25 ኪሎ ሜትር ስትነጂም ታገኚዋለሽ። ፍሬምሽና ፍሬንሽ ካስገቡት 28 ሚሊ ጎማ አድርጊ። ባንቺ ክብደት ከ60 እስከ 65 ፒኤስአይ (የጎማ አየር መለኪያ) ይበቃል።

ለአጎትሽ አጥብቀሽ ንገሪው፦ "ዲስክ" የሚል እንዳይገዛ፣ ፍሬንሽ የሚነክስበት ቦታ የለውም። የኋላው ሞዞ (ሽቦዎቹ የሚነሱበት የቸርኬው መሃል) ስፋት 130 ሚሊ፣ የፊቱ 100፣ ለሺማኖ ባለ 11 የሚሆን። "ሁክለስ" የሚባለውንም ይተው። ያኛው ጎማውን የሚይዝ ከንፈር የለውም፣ ከ5 ባር (72 ፒኤስአይ ገደማ) በላይ አይነፋም፣ ጎማውም ለሱ ተብሎ የተፈቀደ መሆን አለበት። እዚህ አገር ጎማ መርጠን የምንገዛበት ሁኔታ ስለሌለ ከንፈር ያለው ይሻላል። የቸርኬው የውጭ ስፋትም ፍሬንሽ ሲከፈት ማለፍ አለበት፣ አሁን የሚሠሩት ሰፋፊ ናቸው። ፍሬንሽ የሚከፈተውን በማስመሪያ ለኪና ላኪለት።

ፎገራ_ሜዳ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም! ቸርኬ አቅኚ፣ ጋሼ ልበልዎት፣ ስለ አይሱዙው የተናገሩት በትክክል ደርሶብኛል፣ ምክንያቱን አላውቅም ነበር።

60ውን ተውኩት። ትንሽ ቅር ቢለኝም ተውኩት። 38 እና 50 አደባልቆ ከሰጠው እሱን ይዤ እሄዳለሁ።

የቀረኝ ጥያቄ ስለ ጥገናው ነው። ባለፈው ወረታ መንገድ ላይ ሚስማር ወግቶኝ ጎሚስታ ጋ ብገባ የአየር ቱቦው በቀጭኑ ቫልቭ አልገጥም አለ። በመጨረሻ ጓደኛዬ የእጅ መንፊያ ይዛ ደረሰችልኝ። ካርቦን ሲሆን ደግሞ ምን ልሆን ነው? የቸርኬው ሽቦ ቢበጠስስ?

ቸርኬ_አቅኚ፦

ጋሼ በይኝ፣ ደስ ይለኛል። ጥያቄሽ ትልቅ ነው፣ ብዙዎቹ ይህን ሳያስቡ ነው የሚገዙት።

ጎሚስታው ቱቦ የተሠራው ለመኪና ቫልቭ ነው። ለቀጭኑ ቫልቭ የምትጠመዘዝ ትንሽ የናስ አስማሚ አለች፣ ከጥፍር አትበልጥም። አጎትሽ አራት አምስት ያምጣ፣ ዋጋዋ ምንም ነው። አንዷን ከመቀመጫሽ ሥር ባለው ቦርሳ አድርጊ፣ አንዷን ቤት፣ ሌሎቹን ለጓደኞችሽ። ግን ጎሚስታው ሲነፋልሽ አጠገቡ ቁሚ። እሱ የለመደው የአይሱዙ ጎማ ነው፣ ኮምፕረሰሩ ያንቺን ትንሽ ጎማ በአንድ እስትንፋስ ከልክ ያሳልፈዋል። ትንሽ ትንሽ እያደረገ ይልቀቅ፣ አንቺም በጣትሽ ጨመቅ እያደረግሽ እዪ። ከዚያ ቤት ገብተሽ በሚለካው መንፊያ አስተካክይ።

የቫልቩን ርዝመት እንዳትረሺው። ቸርኬው ጥልቅ ሲሆን አጭር ቫልቭ ውስጥ ይቀራል፣ መንፊያው የሚይዘው ነገር አያገኝም። ለ38ቱ 60 ሚሊ ቫልቭ፣ ለ50ው 80 ሚሊ ቫልቭ ያለው የውስጥ ጎማ ይምጣ። እዚህ በቀላሉ አይገኝም፣ ስለዚህ በርከት ይበል። የተወጋውንም አትጣይው፣ ሙጫና ልጥፍ ካለሽ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ትለጥፊዋለሽ። ጥልቁ ላይ አጭር ቫልቭ ለማስረዘም የሚጠመዘዝ ማራዘሚያም አለ፣ ለጭንቅ ጊዜ አንድ ይኑርሽ።

ሽቦው ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቂ። ጥልቅ ቸርኬ አጭር ሽቦ ነው የሚወስደው፣ ከገበያ የምናገኘው ደግሞ ለተራው ሳይክል የሚሆን ረጅሙ ነው። ሻጩ ለፊት፣ ለኋላ ግራና ለኋላ ቀኝ ትክክለኛ ርዝመታቸውን የያዙ መለዋወጫ ሽቦዎች ከነኒፕላቸው (ሽቦውን ቸርኬው ላይ ከምታጠብቀው ትንሽ ፍሬ ጋር) ይጨምርልሽ። ጫፉ የተቆለመመውን ተራውን ዓይነት ምረጪ፣ ቀጥ ብሎ ሞዞው ውስጥ የሚገባውን አይደለም። የተቆለመመው በየትም ይገኛል፣ እኔም ካስፈለገ ረዘም ካለው ቆርጬ ጥርስ አወጣለታለሁ።

ኒፕሉም ከቸርኬው ውጭ የሚታይ ይሁን። አንዳንድ ጥልቅ ቸርኬ ነፋስ እንዳይነካው ብለው ኒፕሉን ውስጥ ደብቀውታል። ያንን ለማቃናት ጎማውን ማውለቅ፣ ቸርኬውን ከውስጥ የሚሸፍነውን ሪባን መላጥ አለብኝ፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ግማሽ ቀን ይሆናል።

ባለ60፦

የኔው ኒፕሉ ውስጥ ነው። ጋሼ እውነታቸውን ነው፣ በየጊዜው ሲለፉበት አያለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሽቦው አያንስ። እኔ የማውቀው ከፊት 18 ብቻ ያለው አለ፣ ለሱ አንዱ ሲበጠስ ቸርኬው ተጣሞ ፍሬኑን ይነካል፣ መንገድ ላይ ትቀሪያለሽ። ከፊት 20፣ ከኋላ 24 ጥሩ ነው። ሌላ ደግሞ፣ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ከ2026 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጎዳና የጅምላ ውድድር ላይ ከ65 ሚሊ በላይ የሆነ ቸርኬ ከልክሏል። ያንቺን አይነካም፣ ግን 80 የሚያስቡ ልጆች ካሉ ይወቁት።

ፎገራ_ሜዳ፦

ለአጎቴ አሁን የጻፍኩለት ይሄ ነው። አንድ የጎደለ ካለ ንገሩኝ።

"አጎቴ፣ ከፊት 38 ከኋላ 50፣ ዲስክ ያልሆነ፣ ሁክለስ ያልሆነ፣ ለሺማኖ ባለ 11፣ የኋላ ሞዞ 130። ሽቦው የተቆለመመ፣ ከፊት 20 ከኋላ 24፣ ኒፕሉ ከውጭ። መለዋወጫ ሽቦ ከነኒፕሉ። ለካርቦን የሚሆን የፍሬን ጎማ ሁለት ሙሉ ጥንድ። የውስጥ ጎማ ባለ 60 እና ባለ 80 ቫልቭ። የናስ አስማሚ። 28 ሚሊ ጎማ ሁለት። ፍሬኔ ሲከፈት 30 ሚሊ ያስገባል፣ ቸርኬው ከዚያ ይነስ። ገንዘቡ ካነሰ ጎማውን አስቀድምልኝ፣ ቸርኬው ይቆየኝ።"

ቀጭን_አየር፦

ሙሉ ነው። "ቱቡላር" እንዳይልክ ብቻ ጨምሪበት። እሱ ጎማው በሙጫ የሚለጠፍ ነው፣ መንገድ ላይ ሲወጋ የውስጥ ጎማ ቀይሮ መሄድ የለም። የድሮ የውድድር ቸርኬ በቅናሽ ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው፣ ርካሽ አገኘሁ ብሎ እንዳይሸወድ።

ቸርኬ_አቅኚ፦

ጎበዝ። ሲደርስሽ ከመንዳትሽ በፊት ወደኔ አምጪው። የሽቦውን ውጥረት በሁለቱም በኩል እናያለን፣ የፍሬን ጎማውን አንግል አብረን እናስተካክላለን። መጀመሪያ ጥቂት ቀን በጠዋት ብቻ፣ በመራዊ መንገድ ንጂው። ከዚያ መልሰሽ አምጪልኝ፣ አዲስ ሽቦ ሲሠራበት ትንሽ ይላላል፣ ጠበቅ አደርገዋለሁ። ወረታን ከዚያ በኋላ።